አብሮ ይስጠን
ስለ ወዳጅ ውለታ አመላለስ

በአገራችን ሰው ለሰው መልካም ነገር ሲያደርግ ተቀባዩ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይላል፤ ሰጪውም «አብሮ ይስጠን» ብሎ ይመልሳል። ይህ የምስጋናና የመልስ ቃል ዘወትር ከአፋችን ስለማይለይ ምስጢሩን ልብ የምንለው ጥቂቶች ነን። የፊተኛው ቃል ተቀባዩ «እኔ ውለታህን ለመክፈል አልበቃም፤ ስለ እኔ ሆኖ እግዚአብሔር ይክፈልህ» ማለቱ ነው። የኋለኛው ቃል ግን ከዚያ ያለፈ ነው። ሰጪው «ዋጋዬን ለብቻዬ አልቀበልም፤ የሚሰጠው ለአንተም ለእኔም በአንድነት ይሁን» ማለቱ ነውና። አባቶቻችን በዚህች አጭር ቃል ያስቀመጡልን ትምህርት ታላቅ ነው። የወዳጅ ውለታ እንደ ገበያ ዕዳ ከአንዱ ኪስ ወጥቶ ወደ ሌላው ኪስ በመግባት የሚዘጋ አይደለም፤ ሁለቱ ወዳጆች አብረው በሚያፈሩት ነገር የሚፈጸም ነው እንጂ።

ክቡራን አንባብያን፥ በዚህ ወር የምንነጋገርበት ጕዳይ ከየቤታችን የማይጠፋ ነው። መልካም ወዳጅ ያደረገልንን ውለታ እንዴት እንመልስ? ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ወዳጅነት የፈረሰው በጠብ ሳይሆን ባልተመለሰ ውለታ ነው። ውለታ የተደረገለት ሰው ብድሩን የሚመልስበት ዐቅም ሲያጣ በወዳጁ ፊት ማፈር ይጀምራል። በመጀመሪያ ጥየቃውን ያሳንሳል፤ ቀጥሎ በመንገድ ሲያየው አንገቱን ይደፋል፤ በመጨረሻም ያ ከጭንቅ ያወጣው ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚሸሸው ሰው ይሆናል። ወዳጁም በበኩሉ ነገሩ ሳይገባው ይቀርና «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» እያለ ያዝናል። ሁለቱም ክፉ ሰዎች አይደሉም። ያለያያቸው ክፋት ሳይሆን፥ ውለታ የሚመለሰው በልኩና በዓይነቱ ብቻ ነው የሚለው ሐሳብ ነው።

ይህን ነገር በኮምቦልቻ ከተማ ኑሮ እንመልከተው። ኮምቦልቻ ከደሴ በታች በቦርከና ሸለቆ የተቀመጠች፥ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድና በባቲ በኩል ወደ ዓፋር የሚወርደው መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ናት። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከተቋቋመ ወዲህ፥ በኋላም በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀ ጀምሮ፥ ከየወረዳው የመጣ ሠራተኛ ይኖርባታል። እንዲህ ባለ ከተማ ለሚኖር ቤተ ሰብ እናትና አክስት ሩቅ ናቸውና ዘመዱ ጎረቤቱ ነው። የሌሊት ፈረቃ የምትገባ እናት ሕፃኗን የምታስተኛው በጎረቤቷ ቤት ነው። ለአራሷ ገንፎ የምታገነፋ፥ የታመመውን ወደ ሐኪም ቤት የምታደርስ፥ የቤት ኪራይ ለጎደለበት የምታበድር ጎረቤት ናት። ይህን ሁሉ ያደረገች ሴት በወሩ መጨረሻ ገንዘብ በወረቀት ተጠቅልሎ ቢሰጣት ደስ ይላታልን? አይላትም። እንደ ተቀጣሪ የተቈጠረች ይመስላታልና ታዝናለች። ፈጽሞ ዝም ቢሏትም ደግሞ ታዝናለች።

ከዚህም የከበደ ውለታ አለ። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በደረሰ ጊዜ ብዙ ቤተ ሰብ ቤቱን ዘግቶ ተሰደደ፤ ሌላው ደግሞ በከተማው ቀርቶ ያለችውን ዱቄት ከጎረቤቱ ጋር ተካፍሎ ሰነበተ። በማያውቁት ሰው ቤት ያደሩ፥ የሰው ልብስ ለብሰው ብርዱን ያለፉ፥ አሮጊት እናታቸውን ሌላ ሰው ደግፎ ያሻገረላቸው አሉ። ይህ በስንት ብር ይመለሳል? የተሰደደው ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ውለታው በልቡ ቀርቷል። የሚመልስበትን መንገድ ያላወቀ ሰው ዝም ይላል፤ ዝምታው ሲረዝም ደግሞ መርሳት ይመስላል።

አባቶቻችን ለዚህ ችግር መላ አላጡለትም። በገጠር ወንፈልና ደቦ የሚባሉ ሁለት የሥራ መረዳጃዎች አሉ። በወንፈል ዛሬ የአንተን እርሻ አብረን እንሠራለን፥ ነገ ደግሞ የእኔን፤ ቀኑ በቀን ይመለሳል። በደቦ ግን ባለ እርሻው እንጀራውንና ጠላውን አሰናድቶ ሰውን ይጠራል፤ የመጣውም ሰው የዋለበትን ቀን እየቈጠረ አያስመልስም። ሁለቱ በአቈጣጠር ቢለያዩም በአንድ ነገር ይተባበራሉ፤ ይኸውም በሁለቱም ውለታ የሚመለሰው ጎን ለጎን ቆሞ በመሥራት መሆኑ ነው። ብድር መላሹ በባለ ውለታው ደጃፍ ዕቃ አስቀምጦ አይሄድም። ከእርሱ ጋር አብሮ ይውላል፤ ከአንድ ገበታ ይቈርሳል፤ ማታም ሁለቱ አንድ እርሻ እየተመለከቱ ይለያያሉ።

እናቶቻችንም በጥጥ ሥራ የዚሁ ዓይነት ልማድ አላቸው። ጥጡ ተዳምጦና ተነድፎ ባዘቶ ከሆነ በኋላ በአመልማሎ ተጠቅልሎ ለየወዳጁ ይታደላል። አንዷ በቤቷ፥ ሌላዋ ከቡና በኋላ በጎረቤቷ ደጃፍ ተቀምጣ በእንዝርት ትፈትላለች። ልቃቂቱ ሁሉ ተሰብስቦ ወደ ሸማኔው ይሄዳል፤ እርሱም ድሩን ከማጉ አዋሕዶ ይሠራዋል። ጋቢ ባለ አራት ድርብ ነው። ያንን ጋቢ የለበሰ ሰው የትኛው ክር የማን እጅ እንደ ሆነ መለየት አይችልም፤ ሙቀቱ ግን የሁሉም ነው። ጋቢውን ፈትቶ «ይህ የእገሊት ድርሻ ነው፤ ይህን ያህል ዕዳ አለብኝ» የሚል ማን ነው? አብሮ የተሠራ ነገር ጠባዩ ይህ ነው። የእኔ ከአንተ ተለይቶ እስከማይታወቅ ድረስ ያዋሕዳል።

በሐዋርያት ሥራ የተጻፈውንም እናስታውስ። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ በደረሰ ጊዜ አቂላና ጵርስቅላ የሚባሉ ባልና ሚስት በቤታቸው ተቀበሉት። እርሱም ተቀምጦ የሚበላ እንግዳ አልሆነባቸውም። ሙያቸው አንድ፥ ይኸውም ድንኳን መስፋት ስለ ነበር ከእነርሱ ጋር አብሮ ይሠራ ነበር። ከዚያ ሥራ የበቀለው ወዳጅነት በድንኳን አልቀረም፤ እስከ ኤፌሶን አብረው ተጓዙ፤ ባልና ሚስቱም አጵሎስ የተባለውን ሰባኪ ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ አጥብቀው አስረዱት። ሐዋርያው ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ስለ እርሱ ነፍስ ራሳቸውን ለሞት አሳልፈው እስከ መስጠት እንደ ደረሱ ይመሰክርላቸዋል። ማን ባለ ውለታ፥ ማን ባለ ዕዳ ነበር? መርፌውን አብረው የያዙ ሰዎች ይህን አይጠያየቁም።

ከቅዱሳት መጻሕፍት ወደ አገራችን ታሪክ ስንመለስ፥ ከዚሁ ከደቡብ ወሎ ምድር የወጣ አንድ ሰው እናገኛለን። ስሙ አባ ጎርጎርዮስ ይባላል። የተወለደው በጥንቱ ቤተ አምሐራ፥ መካነ ሥላሴ በተባለው ስፍራ ነው። በዚያ ዘመን በሃይማኖት ምክንያት በተነሣው ሁከት ከኢየሱሳውያን ጋር ከአገሩ ወጥቶ፥ በስደት ሲዘዋወር ቆይቶ ሮም ደረሰ። በዚያም ከጥንት ጀምሮ የኢትዮጵያ መነኮሳት በሚያርፉበት በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1649 ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለ የኤርፉርት ተወላጅ የሆነ ወጣት ጀርመናዊ ወደዚያ ቤት መጣ። ዕድሜው 25 ዓመት ነበር። ግዕዝን ከመጻሕፍት ብቻ ለማጥናት ሞክሮ፥ ቋንቋውን ከሚያውቅ ሰው አፍ ለመስማት ይናፍቅ ነበር። የአባ ጎርጎርዮስና የሉዶልፍ ወዳጅነት የተጀመረው በዚህ ሁኔታ ነው።

ሁለቱ በሃይማኖትም በዕድሜም በአገርም የተለያዩ ነበሩ፤ እኛም እዚህ ያነሣናቸው ስለ ሃይማኖታቸው አብነት ለመጥቀስ ሳይሆን ስለ ወዳጅነታቸው ነው። አንዱ ቋንቋ ሲሰጥ ሌላው የአውሮፓን መንገድ ከፈተለት። እ.ኤ.አ. በ1652 በሉዶልፍ አማካይነት መስፍኑ ኤርነስት አባ ጎርጎርዮስን በጀርመን አገር ወዳለው ወደ ጎታ ግዛቱ ጠራው። በዚያ በነበረባቸው ወራት ሁለቱ ወዳጆች አብረው ተቀምጠው ይሠሩ ነበር። ሉዶልፍ ስለ ኢትዮጵያ ምድር፥ ስለ ነገሥታቱ፥ ስለ ሥርዓቱ፥ ስለ ግዕዝና ስለ አማርኛ ይጠይቃል፤ አባ ጎርጎርዮስ ይመልሳል፤ የመለሰውም ይጻፋል። ከተለያዩም በኋላ በደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር።

እንግዲህ ውለታውን መዝነን እንይ ብንል ሚዛኑ አይቆምልንም። ስደተኛው በእንግድነት ተቀብለውታልና ባለ ዕዳ ነው፤ ሊቁም ያለ ስደተኛው አንዲት የአማርኛ ቃል ባላገኘ ነበርና ባለ ዕዳ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገሩ ለመመለስ በጕዞ ላይ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1658 በእስክንድሩና ባሕር መርከቡ ተሰብሮ ሞተ። ሉዶልፍ በዚያ ጊዜ «ባለ ውለታዬ ሞቷል፥ ዕዳዬም ተዘግቷል» ሊል ይችል ነበር። እርሱ ግን አብረው የጀመሩትን ሥራ ቀጠለ። ወዳጁ ከሞተ ከ23 ዓመት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1681፥ የኢትዮጵያን ታሪክ በላቲን ቋንቋ አሳተመ። በ1691 ባወጣው የማብራሪያ መጽሐፍ የአባ ጎርጎርዮስን ሥዕል አስገባ። በ1698 ደግሞ፥ ወዳጁ ከሞተ ዐርባ ዓመት ሲሞላው፥ የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ፤ ይህም በዓለም ላይ በመጀመሪያ የታተመው የአማርኛ ሰዋስው ነው። ዕውቀቱን ከማን እንዳገኘም አልሸሸገም፤ የመካነ ሥላሴውን ሰው ስም እየጠራ መስክሯል። ይህ ሰው የሞተው በባሕር ላይ ነው፤ ወዳጁ ግን በመጽሐፍ ውስጥ መታሰቢያ ሠራለት።

ከእኛው ሊቃውንት መካከልም ይህን የሚመስል ታሪክ አለ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የግዕዝን መዝገበ ቃላት ጀምረው ሳይፈጽሙት ስላረፉ ሥራውን ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በአደራ ተዉላቸው። አለቃ ኪዳነ ወልድም ዘመናቸውን ሁሉ ሲደክሙበት ኖረው በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ፥ አደራው ወደ ደቀ መዝሙራቸው ወደ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ተላለፈ። አለቃ ደስታ አደራውን አልበሉም፤ መጽሐፉን በ1948 ዓ.ም. በመምህራቸው ስም አሳተሙት። የራሳቸው የአማርኛ መዝገበ ቃላት የታተመው ከዚያ በኋላ በ1962 ዓ.ም. ነው። መምህራቸው ያስተማሯቸውን ትምህርት በገንዘብ ይመልሱ ቢባል ከየት አምጥተው? የመለሱት የመምህራቸውን ድካም ፍጻሜ በማድረስ ነው። በዚህም ያተረፉት መምህሩ ብቻ አይደሉም፤ ዛሬ ግዕዝ የሚማር ሁሉ ከዚያ ውለታ ይጠቀማል።

ስለዚህ ለየቤተ ሰቡ የሚጠቅም ጥቂት ምክር እናስቀምጥ።

አንደኛ፥ ብድርንና ውለታን አንደባልቅ። ገንዘብ የተበደረ ሰው ገንዘቡን በቀኑ ይመልስ፤ «አብረን እንሠራለን» እያለ የሰውን ገንዘብ ማቈየት ሌላ ስም አለው። አብሮ በመሥራት የሚመለሰው በገንዘብ የማይተመነው ነው፤ የተጠበቀ ሕፃን፥ የታመመ አልጋ አጠገብ የታደረ ሌሊት፥ በክፉ ቀን የተከፈተ በር።

ሁለተኛ፥ ወዳጃችን በልቡ የሚመኘውን ነገር እንወቅ። ሕፃናችንን የጠበቀችልን ጎረቤት ከዓመት በፊት የጀመረችው መሶብ ሳያልቅ በጓዳዋ ተቀምጦ ይሆናል። አክርማውንና አለላውን ይዞ ሄዶ ከእርሷ ጋር ተቀምጦ መስፋት ከማናቸውም ስጦታ ይበልጣል። ስፌት የማያውቅም ቢሆን ሰንደዶውን እየለየ ያቀብላል። በስደት ጊዜ በቤቱ ያሳደረን ሽማግሌ ዐይኑ ደክሞ ይሆናል፤ የከተማውን የጥንት ነገር፥ የአባቱን ወግና የራሱን ትዝታ ግን በቃሉ ይዞታል። ልጆቻችን ደብተርና እርሳስ ይዘው በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ እርሱ እየተናገረ እነርሱ ይጻፉ። ሲያልቅ በንጹሕ ተገልብጦ አንዱ ቅጂ በእርሱ ቤት፥ አንዱ በእኛ ቤት ይቀመጥ። በውስጡም የተናጋሪውም የጸሐፊዎቹም ስም ይግባ።

ሦስተኛ፥ ሁላችንም የምናዋጣው ከሙያችን ይሁን። በፋብሪካ የልብስ ስፌት የለመደች ሴት በመቀስና በመኪና ታውቃለች፤ ጎረቤቷ ደግሞ ጥልፍ ታውቃለች። ሁለቱ ተባብረው ለልጆቻቸው የበዓል ልብስ ቢሠሩ፥ ልጆቹ በጥምቀት ቀን አንድ ዓይነት ጥልፍ ለብሰው ሲወጡ የእናቶቻቸውን ወዳጅነት ለብሰው ይወጣሉ።

አራተኛ፥ ባለ ውለታችንን ከሥራው አናስወጣው። «አንተ ዕረፍ፥ እኛ እንሠራልሃለን» ማለት አክብሮት ይመስላል፤ ለደከመና ለታመመም ይገባል። ዐቅም ላለው ሰው ግን ከዳር ተቀምጦ መመልከት ከባድ ነው። እርሱም በተራው ባለ ዕዳ የሆነ ይመስለዋልና ነገሩ ከጀመርንበት ይመለሳል። እጁ ይግባበት፤ ምክሩም ይሰማ።

አምስተኛ፥ በወሎ እንደሚታወቀው ወዳጃችን ሁሉ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ላይሆን ይችላል። በ2014 ዓ.ም. በር የከፈተልን ጎረቤት እስላም ሊሆን ይችላል፤ እኛም የከፈትንለት እንዲሁ። የየእምነቱ ሥርዓት፥ ጾሙም ማዕዱም፥ እንደ ተጠበቀ ሆኖ፥ አጥር ማጠርና ምንጭ ማጽዳት፥ የሙት ልጅ ደብተርና ልብስ ማሰናዳት የሁሉም ሥራ ነው። በዚህ ምድር ክርስቲያኑና እስላሙ በኀዘን አብረው ሲቀመጡ ኖረዋል፤ አብረው መሥራት አይከብዳቸውም።

ስድስተኛና የመጨረሻው፥ ሥራው ትንሽ ይሁን፥ ግን ይፈጸም። ታላቅ ነገር ጀምረው በመንገድ የሚተዉ ወዳጆች በፊት ከነበረው ዕዳ ሌላ አዲስ ቅሬታ ይጨምራሉ። አንድ መሶብ፥ አንድ ደብተር፥ አንድ ጋቢ ይበቃል። ተፈጽሞ በቤት ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ ነገር ከዓመት እስከ ዓመት ሁለቱን ቤት ያነጋግራል።

ልጆች ይህን ሁሉ ያያሉ። አባታቸው የተደረገለትን እየቈጠረ ሲሸሽ ያየ ልጅ፥ ውለታ የሚያሳፍር ነገር ነው ብሎ ያድጋል፤ ከማንም ምንም ላለመቀበል ይጠነቀቃል፤ ለማንም ምንም ላለመስጠትም ምክንያት ያገኛል። አባቱ ከባለ ውለታው ጋር እጅጌውን ጠቅልሎ ሲሠራ ያየ ልጅ ግን መቀበል ውርደት እንዳልሆነ፥ መስጠትም መኵራሪያ እንዳልሆነ ይማራል። ለቤተ ሰብ ከዚህ የሚበልጥ ውርስ የለም።

እንግዲህ፥ የተወደዳችሁ አንባብያን፥ በዚህ ወር እያንዳንዳችን አንድ ሰው እናስብ፤ ስሙ ሲነሣ «አልመለስሁለትም» የሚል ሐሳብ በልባችን የሚያልፍበትን ሰው። ወደ ቤቱ እንሂድ። ስጦታ ይዘን ሳይሆን «እስቲ ምን አብረን እንሥራ?» የሚል ጥያቄ ይዘን እንሂድ። ምናልባት እርሱም ይህን ጥያቄ ብዙ ዘመን ሲጠብቅ ቆይቶ ይሆናል።

እግዚአብሔር አምላክ የተደረገልንን የማንረሳ፥ ያደረግነውን የማንቈጥር ያድርገን። ለሁላችንም አብሮ ይስጠን።